መርዶው ሳይደርስ "ነፍስ ይማር"

አምና የዐቢይ ጾም ሊያልቅ አካባቢ አንዲት ጎረቤታችን ሌሊት አረፉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ቆይተው የታመሙ ናቸው፣ ቤተሰቡም የቀረው ቀን መቁጠር ብቻ እንደሆነ ያውቀዋል። የመጨረሻ ልጃቸው ግን ቤይሩት ነው ያለችው፣ ሰው ቤት ትሠራለች። እንግዲህ የኛ ደንብ የታወቀ ነው፣ መርዶ ማታ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ በስልክማ ጭራሽ። ቤተሰቡ ሌሊቱን ተመካከረና እዛው ቤይሩት ያሉ ሁለት የጎንደር ልጆች ተፈለጉ፣ እሁድ እረፍቷ ስለሆነ ቡና አፍልተው፣ እህል አቅምሰው፣ እነሱ እንዲነግሯት ተባለ። እሁድ እስኪመጣ ሁለት ቀን ነው።

የአጎቷ ልጅ ደሞ በዛው ሌሊት የአክስቱን ፎቶ ከሻማ ጋር አገጣጥሞ "ነፍስሽን በገነት ያኑራት እማዬ" ብሎ ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። ልጅቷ ያየችው ጠዋት ኩሽና ቆማ የአሠሪዎቿን ቁርስ እየሠራች ነው።

እኔ ይሄን ያወቅኩት እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሞባይል ስለምጠግን ነው። ሱቁን ገና ሳልጠርግ ታላቅ እህቷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስልክ ይዛ መጣች፣ "ወንድምዓለም ስፒከሩ ሳይበላሽ አልቀረም፣ ኢሞ ላይ ስትደውልልኝ ቃሏ አይለይም፣ እንዲሁ ይጮሃል" አለችኝ። ከፈትኩት፣ ጠረግኩት፣ ሌላ ሰው ጋ ደውዬ ሞከርኩት። ስፒከሩ ደህና ነበር።

ልጁን አውቀዋለሁ፣ መጥፎ ልጅ አይደለም፣ እንዲያውም ሴትዮዋ ከታመሙ ጀምሮ እንደሱ የተላላከ የለም፣ ሆስፒታል ያመላለሳቸው እሱ ነው፣ ፖስቱንም እያለቀሰ ነው የጻፈው። ለዛ ነው ይሄን ነገር መጻፍ የፈለግኩት። ኦንላይን ላይ ስለ ጨዋነት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ተሳዳቢው ነው፣ ስድብ ይቁም፣ ጥላቻ ይብቃ፣ ምናምን። ተሳዳቢ አለ፣ አልካድኩም፣ ግን ተሳዳቢን እኮ ብሎክ ታደርገዋለህ ትገላገለዋለህ። በኔ ግምት የባሰው ጉዳት የሚመጣው ከደጋግ ሰዎች ነው፣ ለማዘን ከሚቸኩል፣ ለመርዳት ከሚቸኩል፣ ለማስጠንቀቅ ከሚቸኩል ሰው። እነሱን ብሎክ አታደርግም፣ ዘመዶችህ ናቸዋ።

እስኪ መርዶን አስቡት። አንድ ሰው ሲሞት ወሬው ወደ ባለቤቱ የሚሄድበት መንገድ አለው። መጀመሪያ ማን ማን አወቀ ይባላል፣ ያወቀው አፉን ይይዛል፣ እንዳይነቃባት ብሎ ልብሱን እንኳ አይቀይርም። ከዛ የሚነግሩት ይመረጣሉ፣ ከዘመድም ከጎረቤትም፣ እንባው ቅርብ የሆነ ሰው ከፊት አይደረግም። ንጋት ላይ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል። የልብ ሕመም ያለበት ወይ እርጉዝ ካለች ደሞ ሌላ ዘዴ ነው፣ መጀመሪያ "አሞታል" ይባላል፣ ቀጥሎ "ጠንቶበታል"፣ ቃሉ እየከበደ እየከበደ ነው የሚሄደው። ሲነገራት የሚይዛት ሰው ቀድሞ ከጎኗ ተቀምጧል። ይሄ ሁሉ ድካም ለምን ይመስላችኋል? ሞቱ እንደሆነ አይቀየርም፣ አርብ ተነገረ እሁድ ተነገረ ያው ሞት ነው። ሰዎቹ የሚጨነቁት ወሬው ማረፊያ እንዲያገኝ ነው።

ፌስቡክ ይሄን ቅደም ተከተል አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሰው የተንጫጫበትን ነው። አንድ ፖስት ተለቆ ቶሎ ቶሎ ኮሜንት ሲገባበት፣ ይሄን ነገር ሰው ፈልጎታል ብሎ ለሌላም ሰው ያሳየዋል፣ በተለይ ከለቀቀው ሰው ጋር ቅርበት ላላቸው። እና እኔና እናንተ "ነፍስ ይማር" እያልን በጻፍን ቁጥር፣ ለቅሶ የደረስን መስሎን ተመልሰን በተኛን ቁጥር፣ ያንን ፖስት እየገፋን እየገፋን ቤይሩት ኩሽና ድረስ ያደረስነው እኛ ነን። እኔ በኋላ ገብቼ ሳየው 94 ኮሜንት ነበረው። አንዱ የኔ ነው።

ጎንደር ያደገ ሰው መቼም አዝማሪ ቤት ሳይገባ አይቀርም። እንግዳው "ተቀበል!" ይልና ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ያወጣዋል። ሽሙጥ አለው፣ ስድብ አለው፣ ሰው ይስቃል፣ አንዳንዴም ይጣላል። ግን "ተቀበል" በተባለ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ዞር ብሎ ማን እንዳለው ያያል። የተነካውም እዛው ተቀምጧል፣ ካሻው እሱም "ተቀበል" ብሎ ይመልሳል። ሰምና ወርቁም እኮ የሚያስፈልገው ሰውየው ፊትህ ስላለ ነው፣ እንዲሁ በግልጽ ብትለው ጠርሙስ ይነሳል።

ሼር ማለት በቃ "ተቀበል" ነው፣ ዞሮ የሚያይ ሰው በሌለበት ቤት። ፎርዋርድ የሚያደርገው ሰው ራሱን እንደ አዝማሪው ነው የሚያየው፣ "እኔ ምን አረግኩ፣ የመጣልኝን ነው ያስተላለፍኩት" ይላል። አዝማሪው ግን ተቀባይ መሆኑ በአደባባይ ይታያል፣ ያንተ ግን አይታይም፣ ቴሌግራም ላይማ ጭራሽ የመጀመሪያውን ላኪ ስም ደብቀህ ፎርዋርድ የምታደርግበት ነገር አለ፣ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ነው። ሱቅ የሚመጡ ሰዎች ስልካቸውን ሲሰጡኝ ሳልፈልግም አያለሁ፣ "በአስቸኳይ ሼር"፣ "ለ20 ሰው ላኩ"፣ "ከታማኝ ምንጭ የተገኘ"፣ ታማኙ ማነው ብለህ ብትጠይቅ "ግሩፕ ላይ ነው ያየሁት"። ግሩፕ ሰው አይደለም እኮ! አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፣ "ከግሩፕ ነው" ማለት "ቅዳሜ ገበያ ነው የሰማሁት" ከማለት አይለይም፣ አያቴ ደሞ "የገበያ ወሬ" ስትል እያላገጠች ነበር።

ነገሩ የጸባይ ብቻ እንዳልሆነ ዋትሳፕ ያደረጋት አንድ ነገር ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚያዝያ አካባቢ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ጊዜ የዞረን መልእክት በአንዴ ለአንድ ቻት ብቻ እንጂ እንደ በፊቱ ለአምስት መላክ እንዳይቻል አደረገ፣ ከዛ በኋላ እንደዚህ ያሉ መልእክቶች በ70 በመቶ እንደቀነሱ ራሱ ተናገረ። ልብ በሉ፣ ማንንም አልከለከለም፣ ማንንም አልመከረም፣ ለአምስት ሰው መላክ የፈለገ አምስት ጊዜ ይድከም ነው ያለው፣ አብዛኛው ሰው ግን አልደከመም። ይሄን ያህል ነበር እንግዲህ ወሬው ያስፈለገን። እኛ ጋ ግን ዋናው ቴሌግራም ነው፣ እዛ ደሞ ፎርዋርድ እንደልብ ነው።

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት ያለ ኔት ኖረናል። ለኔ ሥራ ገደል ነበር፣ ኔት የሌለውን ስማርት ስልክ ማን ያስጠግናል፣ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ውጭ ሰው ያለው ሁሉ ዋይፋይ ያለበት ደጅ ሲጠና ነው የከረመው፣ ስለዚህ ኔት መዝጋት መፍትሄ ነው የሚል ካለ እኔ ጋ እንዳይመጣ። ግን አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ወሬው አልቀነሰም፣ እንዲያውም ሳይብስ አይቀርም፣ አፍ ለአፍ ስለሆነ ግን ሰው "ማነው የነገረህ?" ይል ነበር። "እከሌ ነው፣ እሱን ደሞ ከአዘዞ የመጣ ሹፌር ነግሮት"። "እሱማ ድሮም አጋናኝ ነው"። በቃ፣ አሥር የነበረው ሦስት ሆኖ ይቀመጣል። ዳታው ሲመለስ ያቺ ጥያቄ ጠፋች።

ያቺ ጥያቄ ስትጠፋ ምን እንደሚመጣ ከዛ በፊትም አይተነዋል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 እዚህ ከተማችን ላይ በአንድ የሙስሊም አባት ቀብር በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ። ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ቤት ነበርኩ፣ ስልኬ ላይ የሚመጡት ቪዲዮዎች ሃያ ሰከንድ፣ ሠላሳ ሰከንድ ናቸው፣ ጭስ፣ ሩጫ፣ ጩኸት። ውሸት ናቸው አልልም። ግን ሃያ ሰከንድ ውስጥ መጀመሪያው የለም፣ መጨረሻው የለም፣ ሰው የሚያረጋጋ ሽማግሌ ቢኖር እንኳ እሱ ጭስ የለውምና ማንም አይቀርጸውም። በቀናት ውስጥ ስልጤ ዞን ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ወራቤ እኮ ከአዲስ አበባም ወዲያ ማዶ ነው። ስልክ ብቻውን አቃጠለው አልልም፣ ቂምም አለ ፖለቲካም አለ፣ ግን በመኪና ሁለት ቀን የሚፈጀውን መንገድ ሃያ ሰከንድ ያደረገው ስልክ ነው። ያን ቀን ማታ አንድ ሙስሊም ደንበኛዬ ደውሎ "ቪዲዮ ደርሶህ ከሆነ ወደኔ አትላክ፣ እኔም የደረሰኝን ወዳንተ አልክም" አለኝ። ከዛ ስለ ልጆቻችን ጠይቀን ዘጋን። እስከዛሬ ስለ ኢንተርኔት የሰማሁት ብልህ ንግግር ቢኖር እሱ ነው።

ከዛ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ደሞ ባሕር ዳር የሆነ አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህሩ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶአቸው፣ የሚኖሩበት ሰፈር ሳይቀር፣ ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ። ልጃቸው ይነሳልኝ ብሎ ሪፖርት አደረገ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው ደጅ ላይ ተገደሉ፣ መልሱ የመጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ልጁ ታኅሣሥ 2015 ላይ ከሌሎች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፣ መጋቢት 2017 ላይ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ኩባንያው ድርሻውን እዛው ይከራከርበት፣ ለአማርኛ ስንት ተቆጣጣሪ እንደመደበም ይጠየቅበት። እኔን የሚከነክነኝ ግን ያንን ፖስት አይቶ አውራ ጣቱን አሳርፎበት ያለፈው ሰው ነው። ምናልባት ዛሬ ረስቶታል። ሰው ድሮ ሼር ያደረገውን ተመልሶ አያነብማ።

ሕግ የለም ወይ ለሚል፣ አለ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያመጣል፣ በንግግሩ የተነሳ ሰው ላይ ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ሐሰተኛ መረጃ ደሞ እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ ግን እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። እና "ውሸት መሆኑን አላወቅኩም" የምትለዋ ነገር ሁሌ አታስጥልም፣ ሕጉ የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ ይገባው የነበረውንም ነው የሚይዘው። አዋጁ ሲወጣ ለማፈኛ ይውላል ብለው የሰጉ ብዙ ነበሩ፣ ስጋቱን ከንቱ ነው አልልም። ሆነም ቀረ፣ የአክስቱን ሞት ቀድሞ የለጠፈውን ልጅ የሚነካ አንቀጽ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም፣ ልጁ የጻፈው እኮ እውነት ነው። ፎቶውም እውነት፣ ሐዘኑም እውነት፣ ሞቱም እውነት። እዚህ ጋ ሲደርስ ሕግ ምንም አይልህም።

የጠፉ ልጆች ማስታወቂያም እንደዛው ነው። ጎንደር ላይ እገታው ከባሰ ወዲህ ልጅ ከትምህርት ቤት ግማሽ ሰዓት ከዘገየ እናት ነጠላዋን ሳትይዝ ነው የምትወጣው፣ ፎቶ ይለጠፋል፣ ከስሩ ስልክ ቁጥር፣ ሼር ያላደረገ ጨካኝ ይመስላል። እኔም አድርጌያለሁ። አንዱን ልጅ ግን ሼር ያደረግኩት ከተገኘ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። የሱቄ ፔጅ ላይ ቁጥር ስላለ አባትየው ደወለልኝ፣ አልተቆጣም፣ ቀስ ብሎ "ወንድሜ ልጄ ይኸው እዚህ ጎኔ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራ ይሠራል፣ በእናትህ አውርድልኝ፣ እናቱ ባየችው ቁጥር ዛሬ የጠፋ ያህል ነው የምትሆነው" አለኝ። ፖስቱን ተመልሼ ሳየው ቀን የለው፣ ዓመተ ምህረት የለው፣ ሰፈር የለው፣ "ዛሬ ጠዋት" ይላል። ያ "ዛሬ ጠዋት" ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ጠዋት ነው። ልጁ ቤቱ ገብቷል፣ ፌስቡክ ላይ ግን አሁንም እንደጠፋ ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። በተለጠፈው ቁጥር እየደወሉ "ልጁ እኛ ጋ ነው፣ በቴሌብር ይሄን ያህል ላኩ" የሚሉ አሉ፣ ልጁን አይተውት አያውቁም፣ ያዩት ፎቶውን ነው። ስልኩን አስቀድታ ልታሰማኝ የመጣች እናት ነበረች፣ ደዋዩ የልጁን ስምና የለበሰውን ሹራብ ቀለም ልቅም አድርጎ ይናገራል፣ ሁለቱም ፖስቱ ላይ ተጽፈዋላ። እንግዲህ አያድርስና የሚለጥፍ ሰው ካለ፣ ቀኑን ከነዓመቱ ይጻፍ፣ አንዲት ምልክት ደሞ ለራሱ ያስቀር፣ ጠባሳም ትሁን የካልሲ ቀለም፣ የሚደውል ሰው በሷ ይፈተናል። ልጁ ሲገኝ ደሞ አዲስ ፖስት ከመጻፍ የድሮውን ኤዲት አድርጎ ከላዩ "ተገኝቷል" ማለት ይሻላል፣ ሼር ያደረጉት ሰዎች ጋ ያለውም አብሮ ይቀየራል። አውርዶ እንደ አዲስ የጫነው ጋ ግን አይቀየርም፣ እሱ አንዴ አመለጠ።

ስለ ስድብ አላወራም ብዬ ነበር፣ አንዲት ነገር ግን ልበል፣ ስለ "አንተ"። አማርኛ እኮ የሰውየውን እድሜና ክብር ሳትወስን አፍህን አያስከፍትህም፣ አንተ ነው፣ አንቺ ነው፣ አንቱ ነው፣ ግሱ ራሱ ይጠይቅሃል። መንገድ ላይ ሽበቱ ይመልስልሃል። ኮሜንት ላይ ሽበት የለም፣ ፕሮፋይሉ ወይ አበባ ነው ወይ አንበሳ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሰፈራችን አሉ፣ ስለ ፋሲል ግቢ እድሳት የሆነች ሀሳብ ጽፈው አንዱ "አንተ ምን ታውቃለህ፣ ዝጋ" ብሏቸው፣ ሱቅ መጥተው "ልጄ ይቺን ቃል እንዴት ነው የሚያጠፏት?" አሉኝ። አካውንቱን ሳየው የማውቀው ልጅ ነው፣ በመንገድ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ ነው እጅ የሚነሳቸው። አልነገርኳቸውም። ለልጁ ግን ነገርኩት፣ ፊቱ ደም ለበሰ፣ "እንዴ፣ እሳቸው ናቸው?" አለ። እሳቸው ባይሆኑ ችግር አልነበረውም ማለት ነው። እኔ አሁን የማላውቀውን ሰው በሙሉ "እርስዎ" ብዬ ነው የምጀምረው፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ቢገኝ ይሳቅብኝ።

ከዛ ጾም በኋላ እድራችን ስብሰባ ላይ የቤይሩቷ ልጅ ነገር ተነሳ። የእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ 62 ሰው አለ፣ አድሚኑ እኔ ነኝ (ሞባይል የሚጠግን ሰው ሁሌ አድሚን ነው)። የተወሰነው እንዲህ ነው፣ ሞት ሲኖር ዳኛው ሳይጽፉ ማንም አይጽፍም፣ ዳኛው ደሞ የሚጽፉት ቤተሰቡ "መርዶው ሁሉም ጋ ደርሷል" ሲላቸው ነው። ውጭ ልጅ ያለው ሁሉ ልጁ ጋ ሄዶ የሚነግር ቅርብ ሰው ማን እንደሆነ ለዳኛው ያስመዘግባል፣ ዳኛው በሰማያዊ ደብተራቸው ጽፈው ይዘውታል፣ ጅዳ እከሊት፣ ካርቱም የነበረው አሁን ካይሮ፣ እያለ ይሄዳል። እኔ ስሎው ሞድ የሚባለውን አንድ ሰዓት ላይ አደረግኩት፣ አንዴ የጻፈ ሰው ሁለተኛ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። የትልልቆቹን ስልክ ደሞ እየተቀበልኩ ማንም ተነስቶ ግሩፕ እንዳይከታቸው "የማውቃቸው ብቻ" ላይ አስተካከልኩላቸው።

መቼም ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም። ወጣቶቹ ሀሳባችንን ታፈንን አሉ። አንዷ እናት "አያ ዳኛ፣ ለድንገተኛስ? ቤት ቢቃጠልብኝ አንድ ሰዓት ልጠብቅ ነው?" ብትላቸው "እቴ፣ ቤትሽ ሲቃጠል ቴሌግራም ላይ ነው የምትጽፊ? ኡኡ በይ እንጂ!" አሏትና ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። ስሎው ሞዱ ግን እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዋን ቃል አያስቀርም፣ ሁለተኛዋን ነው የሚያዘገየው።

ባለፈው ወር አንድ የሰፈራችን አባት ሌሊት አረፉ። ለዳኛው ተደወለ፣ ዳኛው ለኔ ደወሉ፣ "አደራ ግሩፑን ጠብቅ" አሉኝ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ስልኬን እያየሁ ተጋድሜያለሁ፣ ሰባት ሰዓት ዝም፣ ስምንት ሰዓት ዝም፣ ዘጠኝ ከሩብ ላይ የገዛ ወንድሜ ልጅ "ነፍስ ይማር አባባ" ብሎ ጻፈ። ስብሰባው ላይ ነበር እኮ፣ እጁንም አውጥቷል! ደወልኩለትና አጠፋው። ትንሽ ግሩፕ ላይ የጻፍከውን ማን እንዳየው ላንተ ይታይሃል፣ ከማጥፋቱ በፊት ሦስት ሰው አይቶታል። ሁለቱ ሰፈር ያሉ ናቸው፣ ሦስተኛዋ የሟች ምራት ናት፣ አዲስ አበባ ያለችው፣ የበኩር ልጃቸው ሚስት። ዳኛው ደብተር ላይ እነሱ ጋ የሚሄዱት ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ነው የሚደርሱት። መደወል አልችልም፣ ብደውል ባሏን እቀሰቅሰዋለሁ። ቁጭ ብዬ አነጋሁት።

ለሰልስት ሲመጡ ድንኳን ውስጥ አየኋት፣ ራሷ ቀርባ ነው የነገረችኝ። መልእክቱን ያየችው ሕፃኑን ልታጠባ ተነስታ ነው። ባሏ ጎኗ ተኝቷል። ስልኩን አጥፍታ ትራሱ ስር ከተተችው፣ ለሱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፣ ሰዎቹ በር ሲያንኳኩ እንደማንኛውም ሰው ደንግጣ ከፈተችላቸው።

"ግን ተኝቶ አላገኙትም" አለችኝ፣ "11 ሰዓት ላይ ቀስቅሼ ቁርሱን አብልቼዋለሁ፣ ምን ነካሽ ዛሬ እያለኝ በላ።"